«እግዜር ይማርህ» ያልተባለው በሽተኛ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ እድር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ከቅዳሴ ወጥታችሁ እህል ሳትቀምሱ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁና ስለ ትዕግሥታችሁ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። የዓመቱ ሒሳብ ከመነበቡ በፊት እንድናገር ኮሚቴው ስለፈቀደልኝም ምስጋናዬ እጥፍ ነው፤ ዛሬ የማነሣውን ጉዳይ በእድር ስብሰባ ላይ ማንሣት የተለመደ አይደለምና።

ብዙዎቻችሁ ሥራዬን ታውቃላችሁ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ በዚህ ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ካከምኋቸው ሰዎች መካከል ገበያ ላይ ስንገናኝ እጄን ይዘው የሚያዋሩኝ አሉ። ለወራት አጠገቤ ተቀምጠው የልባቸውን ሲነግሩኝ ቆይተው፣ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው የሚያልፉም አሉ። አልቀየማቸውም። ሰላም ሲሉኝ ያየ ሰው «ይህችን ነርስ ከየት አወቃት?» ብሎ እንዳይጠይቅ ፈርተው ነው። ወባ ታክሞ የዳነ ሰው ከሐኪሙ ይሸሸጋልን? እጁ ወልቆ የታሸ ሰው ወጌሻውን ሲያይ መንገድ ይቀይራልን? አይቀይርም። ታዲያ ይህ ሰው ለምን ይቀይራል?

ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ስለ አንዲት አጭር ምርቃት፣ ቀጥሎ ስለ በሽታው፣ በመጨረሻም ከዚህ እድር ስለምለምነው ነገር።

ያደግሁት ከዚህ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ያን ሰሞን ቤታችን ለሰው አልበቃ አለ። አንዷ ጎረቤት አጥሚት፣ አንዷ እርጎ፣ አንዷ ዳቦ ይዛ ትገባለች፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ መደቡ ላይ ይደረደራሉ። የገባው ሁሉ ከደጃፉ ጀምሮ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ አባቴም በብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ «አሜን» ይላል። እኔ ስኒ ሳጥብና እንጀራ ሳቀርብ እውል ነበር። የታመመ ሰው ያለበት ቤት እንደዚህ እንደሚሆን ያን ጊዜ ተማርሁ።

ነገር ግን በዚያው ቤት፣ ከዚያው መደብ በስተጀርባ፣ በጭቃ ግድግዳና በአንዲት አሮጌ መጋረጃ ብቻ ተለይቶ ሌላ በሽተኛ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አያ እያልሁ ነው የምጠራው። አያ በልጅነቱ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ቆጠራ ጀምሮ፣ መምህሩ የሚያደንቀው ተማሪ ነበር። 20 ዓመት ሊሞላው ሲል ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ሳይዝ፣ በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ። ሌሊት አይተኛም። ከማይታይ ሰው ጋር ይከራከራል። እናቴ ያቀረበችለትን እህል «መርዝ አለበት» ብሎ ይገፋዋል። ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ፤ አንዱ አብሾ ጠጥቶ ነው አለ፣ ሌላው ድግምት ሲደግም ገልብጦበት ነው አለ፣ ሌላው ደግሞ ነገሩን በእናቴ ዘር አሳበበ። እናቴ ለሚጠይቃት ሁሉ «ጎንደር ለትምህርት ሄዷል» እያለች መመለስ ጀመረች። አያ ግን ጓዳ ውስጥ፣ ጎታው አጠገብ፣ እግሩ በጠፍር ከምሰሶው ጋር ታስሮ ነበር። ጠፍሩን ያሠረው አባቴ ነው፤ ሲያሥር አይቼዋለሁ፤ እያለቀሰ ነበር። አንድ ሌሊት አያ ወጥቶ ገደል አፋፍ ላይ ስለተገኘ፣ ከማሠር ሌላ ልጁን የሚያተርፍበት መንገድ አላወቀም። ይህን የምነግራችሁ ዛሬም ልጃቸውን ያሠሩ ወላጆች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ጨካኝ ስለሆኑ እንዳልሆነ ምስክር ነኝ።

እንግዲህ አስቡት። አባቴን ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ የአያን ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል። ሲሰማ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል፤ ወሬ ይቀይራል። ጎንደር ሄዷል የተባለው ልጅ እዚያው እንዳለ የማያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንደማያውቅ ይሆናል። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት በሽተኞች ተኝተው አንደኛው በቀን 30 ጊዜ «እግዜር ይማርህ» ሲባል፣ ሌላው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚለው አላገኘም።

አንድ ቀን ከማዶ ያሉ አንዲት አሮጊት አባቴን ሊጠይቁ መጡ። እንደ ሰው ሁሉ ተቀመጡ፣ ቡና ጠጡ፣ የአያ ድምፅ ሲሰማ ግን ዓይናቸውን አልጣሉም። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና መጋረጃውን ገለጥ አድርገው «እግዜር ይማርህ፣ ልጄ» አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። አያ ለብዙ ሳምንት ለሰው ቀና መልስ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፤ ጠፍሩ የላጠውን ቁርጭምጭሚቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ፤ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «አሜን፣ እማማ» አለ።

በሽታው በዚያ ቀን ለቀቀው አልልም፤ አልለቀቀውም። ነገር ግን አሮጊቷ ወደ መደቡ ተመልሰው ለአባቴ «ይህ ልጅ ታሟል፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉት። በቤታችን ውስጥ «ታሟል» የሚለው ቃል ስለ አያ ሲነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ «ተለከፈ» እንጂ «ታመመ» ያለ አልነበረም። የተለከፈን ሰው ይደብቁታል፤ የታመመን ሰው ያሳክሙታል። አባቴ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ልጁን አዲስ አበባ ወሰደው። ሕመሙ ከጀመረው ያን ጊዜ አራት ዓመት አልፎት ነበር። አራት ዓመት!

ይህን ታሪክ በጉባኤ ፊት እንድናገር የፈቀደልኝ ራሱ አያ ነው። «ስሜን አትጥሪ፤ አሜን ማለቴን ግን ንገሪያቸው» ብሎኛል።

በዚያ ዘመን መሄጃው አንድ ብቻ ነበር፤ አማኑኤል ሆስፒታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስለቆየ፣ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መሄድ ግድ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። በወር በወሩ በ28 እናከብረዋለን፤ ልጆቻችንን ገብረ አማኑኤል፣ ወለተ አማኑኤል ብለን ክርስትና እናነሣለን፤ ወደ ደንበጫ ስንሄድ በስሙ የተጠራችውን ከተማ እናልፋለን። ይህንኑ ስም ግን ሰው ስንሳደብ «ይህ አማኑኤል የሚገባ ነው» ብለን መስደቢያ አደረግነው። ካህናት አባቶቼ፣ በዚህ ላይ እንድትገሥጹን እለምናለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ በሽታው ልለፍ።

የአእምሮ ሕመም ስንል ብዙዎቻችን ጨርቁን የጣለውን ሰው ብቻ እናስባለን። እኔ ዘንድ ከሚመጡት የሚበዙት ግን ልብሳቸውን አሳምረው የለበሱ፣ ልጆች የሚያሳድጉ፣ የሚያርሱ፣ የሚነግዱ፣ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት ስለ 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከስምንት ሰው አንዱ፣ በድምሩ 970 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች፣ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ የሚበዙት ጭንቀትና ድባቴ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች «አእምሮዬን አመመኝ» ብለው አይመጡም። «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላሉ። «ልቤን ያፈርሰኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ይላሉ። የጨጓራ መድኃኒት ውጠው፣ የራስ ምታት ኪኒን ውጠው፣ ደም ተመርምረው «ምንም የለብህም» ተብለው ከተመለሱ በኋላ ነው በመጨረሻ እኛ ዘንድ የሚደርሱት። ሕመማቸው ግን አለ። ማቃጠሉም፣ መፍረሱም፣ ባር ባር ማለቱም እውነት ነው።

ኀዘን የሌለበት ቤት የለም፤ በተለይ በዚህ ባሳለፍነው የሥጋት ዘመን። ሰው ዘመዱን ቀብሮ ቢያለቅስ በሽተኛ ነው አልልም። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ልቡ ከከበደ፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላው፣ እህል ከዘጋው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ጣራ ሲያይ የሚያነጋ ከሆነ፣ በሬውን ጠምዶ ትልሙን መጨረስ ካቃተው፣ ይህ ስንፍና አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። ድባቴ የሚባል ሕመም ነው፤ ይታከማል።

እዚህ ላይ ወንዶች ወንድሞቼን ማነጋገር እፈልጋለሁ። የእኛ አገር ወንድ ሲከፋው «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሆድ ግን አይፈጀውም። የማይፈጀውን ነገር አረቄ ቤት ይዞት ይሄዳል፤ አረቄው ለአንድ ምሽት ያስተኛዋል፤ በማግስቱ ሕመሙ ብሶ ይነሣል። ስንቱን ሰው «ጠጪ ነው» ብለን ተውነው? አንድ ጊዜ እንኳ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብለን ጠይቀነዋልን?

ስለ አራስ ሴቶችም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለው ባህላችን ትልቅ ጥበብ ያለበት ነው። ምክንያቱን ጋኔን እንዳይነካት ነው ብለን እንናገራለን፤ እኔ በሥራዬ ያየሁት ደግሞ በወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንቅልፍ አጥተው፣ ያልተባለ እየሰሙ፣ ራሳቸውንም ልጃቸውንም ለአደጋ የሚያጋልጡ እናቶችን ነው። ቁጥራቸው ከሺህ ወላዶች አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ግን አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ነው። በዝምታ የሚያለቅሱት ከእነዚህ በብዙ ይበልጣሉ። ስለዚህ አራሷን አለመተዋችሁን አጥብቁ፤ ገንፎውን እያበላችሁ ሁኔታዋንም እዩ፤ ከተለወጠባችሁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

የሚጥል በሽታ በእኛ ክፍል ስለሚታከም አንድ ቃል ልጨምር። አረፋው አይጋባም። አይተላለፍም። እሳት ላይ የወደቀን ልጅ አረፋው ይጋባብኛል ብሎ ሳያነሣው የቀረ ሰው አይቻለሁ፤ የልጁን የተቃጠለ እጅ ያጠብሁት እኔ ነኝ። ሲጥለው ከእሳትና ከውኃ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ኪኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ከሚበዛው ውድቀት ይድናል።

አሁን ደግሞ ስለ ጠበል። ይህ ጎጃም ነው፤ ከግሽ ዓባይ ጀምሮ ጠበል የሌለበት ደብር የለም፤ እኔም የተጠመቅሁ ነኝ፤ ጠበሉን ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጠበል ስትወስዱት መድኃኒቱን አታስጥሉት። አያ ከሕክምና ከተመለሰ በኋላ አንድ ጊዜ ጠበል ቦታ የነበረ ሰው «መድኃኒት እየዋጥህ ጠበል አይሠራም» ብሎት ኪኒኑን ጣለ፤ በ40 ቀኑ ወደ ጠፍሩ ተመለሰ። ሰውየው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ አላወቀም። በኤች አይ ቪ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረዋል። ለአእምሮ መድኃኒት የተለየ ሕግ የለም።

ነቢዩ ኤልያስን አስታውሱ፤ በስሙ የተጠራው ደብር እዚሁ አጠገባችን ነው። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ምድረ በዳ ገብቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። መልአኩ መጥቶ ምን አደረገ? ገሠጸውን? እምነትህ ጎደለ አለውን? እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። መንገዱ ሩቅ ነውና አለው እንጂ አልወቀሰውም። ሞትን ስለሚመኝ ሰው ስንነጋገር ይህ መልአክ በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣል።

በዓለም በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች በገዛ እጃቸው ይሞታሉ። «መኖር አስጠልቶኛል» የሚል ሰው ከገጠማችሁ «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አፉን አትዝጉ። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ዕንባቸው ይፈስሳል፣ ይቀልላቸዋል። ብቻውን አትተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም አብራችሁት ሂዱ። በየቤታችን ያለውን የአረምና የተባይ ኬሚካል ደግሞ ቆልፉበት፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ ይሁን። የከፋችው ሰዓት ብዙ ጊዜ ታልፋለች፤ እስክታልፍ ድረስ እጅ የሚደርስበት ነገር እንዳይኖር ነው።

ስለ መድኃኒቱ የሚፈራ ብዙ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ያስተኛል፤ አንዳንዱ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ አንዳንዱ ያወፍራል። ይህን ስትነግሩን መጠኑን ወይም ዓይነቱን እንለውጣለን፤ ሳትነግሩን ስታቋርጡት ግን በሽታው ይመለሳል። የድባቴ መድኃኒት በሳምንቱ አይሠራም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሊሠራለት ሲል ይተወዋል። ሱስ ያስይዛል ለምትሉኝ፣ የድባቴም ሆነ እንደ አያ ላሉ የሚሰጠው ሱስ አያስይዝም፤ ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉ አንዳንድ የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒኖች ስላሉ ግን ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ ከመድኃኒት ቤት አትግዙ። መድኃኒት የማያስፈልገው፣ በምክር ብቻ የሚድንም ብዙ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ዓባይን መሻገር ለሁሉም አስፈላጊ አይደለም። በአገራችን የአእምሮ ሐኪም ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል፤ እንደ እኔ ያሉ ነርሶችም በየሆስፒታሉ አሉ። ሕክምናው ወደ እኛ ቀርቧል፤ እኛ ነን ያልቀረብነው። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች በየቤታቸው እየተጠየቁ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ አያን የያዘው ዓይነት ሕመም ከነበረባቸው መካከል ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በዕድሜያቸው ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ! እነዚህ ሰዎች እናት አላቸው፣ ጎረቤት አላቸው፣ እድር አላቸው።

በዚህም ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ልመናዬ እደርሳለሁ።

አያ ዛሬ 50 ዓመት አልፎታል። በወር አንድ ጊዜ መርፌውን ይወጋል፤ ያርሳል፤ ለሠፈሩ ልጆች ፊደል ያስቆጥራል። ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ይመጣበታል፤ ሲመጣበት ይነግረኛል፤ አብረን ሐኪሙ ዘንድ እንሄዳለን። አላገባም። «ዘራቸው ውስጥ እብድ አለ» ተብሎ ለእኔም የተላከ ሽማግሌ ተመልሷል። ሕመሙ በቤተሰብ የመታየት ዝንባሌ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን የታማሚ ወንድሞችና እኅቶች አብዛኞቹ ጤነኞች ሆነው ይኖራሉ። የመርፌው ዕለት የሚሸኘው ወይም የሚጠይቀው ከቤተሰብ ውጪ ሰው ኖሮ አያውቅም። አሮጊቷ ካረፉ ቆይተዋል።

የእድራችን ደንብ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲታመም ተራ የደረሳቸው ሦስት ሰዎች እንዲጠይቁት፣ ሆስፒታል ከተኛም ከሣጥኑ የተወሰነ ገንዘብ እንዲሰጠው ያዝዛል። በዚህ መሠረት ለወባ ሄደናል፣ ለስኳር ሄደናል፣ ለተሰበረ እግር ሄደናል። እኔ አባል በሆንሁባቸው ዓመታት ለአእምሮ ሕመምተኛ አንድም ጊዜ አልሄድንም። ቤተሰቡ አልነገረንም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እናቴም ጎንደር ሄዷል ትል ነበር። ደንቡ ላይ ቢጻፍ ግን መናገር ይቀልላታል። የምለምነው «ሲታመም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ «በአካልም ሆነ በአእምሮ» የሚሉ ቃላት እንዲገቡ ነው፤ ለመጠየቅ የሚሄዱትም ቤቱ ገብተው፣ በሽተኛውን ፊቱን እያዩ «እግዜር ይማርህ» እንዲሉት ነው። እንዴት እንደሚጠይቁ ለማያውቁት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላሳያቸው ዝግጁ ነኝ፤ መጀመሪያ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ክቡር ዳኛ፣ የደንቡ መዝገብ በጸሐፊያችን እጅ ነው። አንቀጹ እንዲነበብልንና ሒሳቡ ከመቅረቡ በፊት ጉባኤው ድምፅ እንዲሰጥበት በትሕትና እጠይቃለሁ።